በጎማዋ ስትቆም

"ያዢው እንጂ! ምኑን ነው የምታዪው?"

"ይዤዋለሁ ጋሼ።"

"አልያዝሽውም። እየዞረ ነው።"

የመንዳት አስተማሪዋ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ከራሷ በላይ መኪናዋ ማንሻው ላይ ተሰቅላ፣ የኋላ እግሮቿ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ታላቅ ወንድሟ በወዲያኛው በኩል ረጅሙን ቁልፍ ዳዶው ላይ ሰክቶ ሰውነቱን ሁሉ ጣለበት። ብሎኑ አንዴ ቂጭ አለና ቆመ። ወንድሟ ዳዶውን እንደ ልጅ ጭንቅላት መታ መታ አደረገው።

"ይሄ አንድ አለቀ" አለ ረክቶ። "ሦስት ቀረ።"

እሷ ግን አልረካችም። ብሎኑ ጠብቋል፤ በዚያ ጥያቄ የላትም። መኪናዋ አየር ላይ ተንጠልጥላ ሳለ መጥበቁ ነው ያንገበገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ እግር ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝባቸው ክንዶች አሉ፤ በየክንዱ ጫፍ ደግሞ ጎሚኒ የሚባል ክብ ጎማ ይገባል። ብሎን መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሲጠብቅ ጎሚኒውን ባለበት አቋም ነክሶ ያስቀረዋል። መኪናው ተሰቅሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መሬት ሲነካ ክንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የተነከሰው ጎሚኒ ግን መዞሪያ ስለሌለው ይጠመዘዛል። ከዚያ በኋላ አንገቱን ጠምዝዞ እንደተኛ ሰው ሆኖ ነው የሚኖረው። ብዙም አይኖር።

ይህን ያወቀችው በገዛ ኪሳራዋ ነው። አባል የሆነችበት የመኪና ክበብ በዓመት አራት ዙር ውድድር አለው፤ እያንዳንዱ ሹፌር ብቻውን ከሰዓት ጋር ነው የሚሽቀዳደመው። በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛ ወጣች። መኪናዋ ሁለት በር፣ ለመሬት የቀረበች፣ ጉልበቷ ከመጠኗ የሚበልጥ ናት፤ ብቻ ከፋብሪካ የመጣው ለስላሳ ጎሚኒ መታጠፊያ ላይ ጭራዋን ያወዛውዘዋል። ጠንካራ አስመጣች፤ ወንድሟ አስገባላት። በሁለተኛው ዙር መኪናዋ መታጠፊያ መሃል ዞራ ወደመጣችበት አፈጠጠች። በሦስተኛውም ያው። ተፈትቶ ሲታይ ጎሚኒዎቹ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተተርትረዋል።

"የማይረባ ዕቃ ነው የላኩልሽ" አለ ወንድሟ።

አመነችው። ሌላ አዘዘች፤ ስድስት ሳምንት ጠበቀች። ዕቃው ሲደርስ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አነበበችው። በፊተኛው ጊዜ ወንድሟ እጁን ጠርጎበት ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁለት መኪና ተስሏል። አንደኛው ተንጠልጥሏል፤ ቀይ መስቀል ተሠርቶበታል። ሁለተኛው በጎማው ቆሟል፣ ሹፌሩም ውስጡ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ቁልፍና ብሎን ተስሏል። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ይረዳዋል።

የመጨረሻው ዙር ነገ ጠዋት ነው። እስከ ሦስተኛ ከወጣች ክበቡ ለሚቀጥለው ዓመት ከቡድኑ ሹፌሮች አንዷ ያደርጋታል፤ ካልወጣች ቦታው የሌላ ነው። ከእንግዲህ የሚቀየር ጎሚኒም የላትም።

ታዲያ ለምን አትናገርም? የሚያናድደው ይሄ ነው። እንጀራዋ መንዳት ማስተማር ነው። በቀን ስምንት ሰው ታርማለች። የባንክ ሥራ አስኪያጁን "ፍሬን ነው ያልኩህ፣ ፍሬንህ የቱ ነው?" ብላ ታፋጥጣለች፤ ጡረታ የወጡትን ኮሎኔል እንኳ "መስታወት ይመልከቱ ብያለሁ!" ብላ አስደንግጣቸዋለች። ሰው የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል ይታማል፤ እሷ ግን የተገላቢጦሽ ናት። ወንድሟ ፊት ስትቆም ዘጠኝ ዓመቷ ይሆናል። በዘጠኝ ዓመቷ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስያዛት እሱ ነው። የሚያውቀው ሁሉ "ሚዛን" ይለዋል፤ ብሎን ሲያጠብቅ መለኪያ አይፈልግም፣ እጁ ያውቃል። ሌላው ሰው ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ የእሱ ዲፕሎማ ይህ ስም ነው።

ጠዋት ሁለት ጊዜ ሞክራ ነበር።

"ጋሼ፣ አውርደናት ብናጠብቀውስ?"

"አውርደናት በየት ልግባ? እንደ አይጥ?"

"ከሥር መሥሪያው ጉድጓድ አለ እኮ።"

"ጉድጓዱ ዘይት መቀየሪያ ነው። የጉልበቴን ሕመም ደግሞ ታውቂዋለሽ።"

ቆየት ብላ ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። "እዚህ ላይ ግን..."

"ይሄን የጻፈው ሰውዬ ብሎን ነክቶ ያውቃል?" አለና ሳያየው ወደ ሥራው ዞረ።

ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ዘዴም አበጀች። የክበቡ ግቢ ውስጥ የመኪና መሥሪያ ጉድጓድ አለ፤ ነገ ማልዳ ሄዳ እዚያ ትፈታውና መልሳ ታጠብቀዋለች። ወንድሟ አያይ፣ ስሙም አይነካ። እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች፤ ግን ሁለተኛው ብሎን ሲጠብቅ፣ ሦስተኛውም ሲጠብቅ፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር ቁልፉን የያዘችው። የሚፈታ ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ላብ ማፍሰስ! እሱም ጉልበቱን እያሻሸ።

በሩ አጠገብ አንድ ባለታክሲ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ቦርጫምና ወሬኛ ነው። ጭኑ ላይ የላስቲክ ከረጢት አስቀምጧል።

"አንቺስ ለጨዋታሽ ነው" አላት። "እኔ ልንገርሽ። የኋላ ጎሚኒ ስቀይር በዚህ ዓመት ይሄ ሦስተኛዬ ነው።"

"ሦስተኛ?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አራት ወር አይሞላውም፣ ሲጢጥ ሲጢጥ ይጀምራል። ተሳፋሪው 'መኪናህን ምጥ ይዟታል ወይ?' ይለኛል። ትናንት አንዷ መንገድ ላይ አስቁማኝ ወርዳ ሄደች።"

"ዕቃው ነው" አለ ወንድሟ አራተኛውን ብሎን እያስገባ። "ከዚያ ሌባ ሱቅ አትግዛ አላልኩህም?"

"ቀየርኩ እኮ! ሁለተኛውን ከሌላ ሱቅ ነው የገዛሁት።"

"እሱም ሌባ ነው።"

"ይሄንንስ? ይሄንን ከሦስተኛው ነው የገዛሁት።"

"እሱንም እናየዋለን።"

ባለታክሲው ሳቀ። አስተማሪዋ አልሳቀችም። የታክሲው ጎሚኒ የት ተሰቅሎ እንደሚጠብቅ ታውቃለች፤ እዚሁ፣ እዚህ ማንሻ ላይ፣ በዚሁ ረጅም ቁልፍ። ዝም ማለቷ የሚጎዳው እሷን ብቻ ይመስላት ነበር። አሁን ያ ሰውዬ ከረጢቱን እንደ ዕቁብ ገንዘብ በሁለት እጁ ይዞ ሲጠብቅ አየችና አፈረች። ቀጥሎም ተናደደች፤ በወንድሟ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሷ።

አራተኛው ብሎን ቂጭ አለ። ጎማዎቹን አሰሩ፤ ወንድሟ ማንሻውን አወረደ። መኪናዋ መሬት ስትነካና የኋላ እግሮቿ ሲታጠፉ ጎሚኒዎቹ ሲጠመዘዙ የሰማች መሰላት።

"በቃ፣ ሂጂ" አላት እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ነገ አንደኛ ሆነሽ ነይ። አንተ፣ መኪናህን አስገባ!"

ገብታ ሞተሩን አስነሳች። ወደ ኋላ ወጣችለት፤ ባለታክሲው አልፏት ገባና ማንሻው መሃል ቆመ። ወንድሟ የማንሻውን ክንዶች ከታክሲው ሥር መግፋት ጀመረ። መንገዱ ክፍት ነው። ዛሬ ብትሄድ ማንም ምንም አይላትም።

መሪውን አጠፈችና መኪናዋን ከማንሻው ጎን ያለው ጉድጓድ ላይ አምጥታ አቆመቻት። ሞተሩን አጠፋች።

"ምን ረሳሽ?" አለ ወንድሟ።

"ልፈታው ነው።"

"ምኑን?"

"ያጠበቅከውን።"

ወሬኛው ባለታክሲ ከረጢቱ ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አቀረቀረ።

"ላልቷል ነው የምትዪው?" አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ።

"አልላላም። እጅህ ልክ ነው ጋሼ፣ እሱን ማንም አይልህም። ተሰቅላ ማጥበቅህ ነው ስህተቱ። የፊተኛውን የቀደደው ይሄ ነው። የእሱንም" አለች ወደ ባለታክሲው እየጠቆመች፣ "እየደጋገመ የሚቀድደው ይሄው ነው። ሌባ የለም።"

ኮሎኔሉን የገሠጸ ድምፅ አሁን የት እንደገባ እንጃ።

ወንድሟ ጨርቁን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ወረቀቱን ካነበብኩ ሁለት ሳምንቴ ነው።"

"ሁለት ሳምንት። ዛሬም ይሄን ሁሉ ሰዓት ቁልፍ ይዘሽልኝ ቆምሽ። እያወቅሽ።"

"ጠዋት ልነግርህ ሞክሬ..."

"ሞከርሽ! ስታስተምሪ እንዲህ ነው የምትሞክሪው?"

አስተማሪዋ ከመኪናዋ ወርዳ በሩን ዘጋች።

"እና ምን ልታደርጊ አስበሽ ነበር?"

"ነገ ክበቡ ጉድጓድ ላይ ፈትቼ መልሼ ላጠብቀው። አንተ ሳታይ።"

"እኔ ሳላይ!" አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። "የክበቡ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ የሚዛንን ብሎን ልትፈቺ? ከእኔ ደብቀሽ ለእነሱ ልታሳዪ?"

ይህን አላሰበችውም ነበር። እውነቱን ነው።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ ባለታክሲው፣ "እኔ እንኳ የምለው..."

"አንተ ዝም በል!" አሉት ሁለቱም።

አስተማሪዋ ረጅሙንና አጭሩን ቁልፍ ከግድግዳው አወረደችና በጠባቧ መሰላል ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ውስጡ ጨለማና የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ነው፤ የነጭ ሸሚዟ ትከሻ ወዲያው ጥቁር ሆነ። መብራቱን ሰቀለች። ከላይ የእግር ኮቴ ሲራመድ ሰማች። ትቶኝ ወጣ አለች በልቧ። ይውጣ። ቢሆንም የወረቀቱን ትእዛዝ ሳትጨርስ አትተውም።

"ሹፌር መቀመጥ አለበት" አለች፣ ማንም ይስማት ማን። "ክብደት ያስፈልጋታል።"

"እኔ ልግባ?" አለ ባለታክሲው።

"አንተ ከገባህ እኔ እዚህ መቀበሬ ነው።"

ከዚያ በር ተከፈተ። ከጉድጓዱ አፍ ያየችው ጫማ ብቻ ነበር፤ ተረከዙ በአንድ ጎን ያለቀ የወንድሟ ጫማ። አንዱ ተነሳ፣ ሌላውም ተከተለው። መኪናዋ ከራሷ በላይ ጣት ያህል ዝቅ አለች።

"ተቀምጠሃል?"

"ተቀምጫለሁ። ፍቺ።"

አጭሩን ቁልፍ የብሎኑ ራስ ላይ አስገብታ ክንዱ ላይ አስደገፈችና ረጅሙን ዳዶው ላይ ሰክታ ሳበች። ንቅንቅ አላለም። እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ ተንጠለጠለችበት፤ በሦስተኛው ሙከራ ቂጭ ብሎ ለቀቀ። ክንዱ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ቀስ ብሎ ዞረና በራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ዞረ! አየሁት!"

"ምን ያህል?"

"አውራ ጣት ያህል።"

እሷ ብሎኑን መልሳ ማጥበቅ ጀመረች።

"አንተ" ሲል ሰማችው በመስኮቱ ለባለታክሲው፣ "መኪናህን ከዚያ ማንሻ ላይ አውጣት።" ከዚያም፣ ወደ ታች፣ "ስትጨርሺ እዚያው ቆዪ። የእሱን እናስከትላለን።"