ዋሲላ ያቆየችው ወይን

አያሌው ያን ሰሞን ጮቤ ሲረግጥ ነበር የከረመው። ሐይቅ ዳር ያለችው ማሳው ላይ ወይኑ ጠቁሮ፣ ዘለላው ተንዠርግጎ፣ የአንድ ሳምንት ፀሐይ ብቻ ቀርቶት ነበር። መድኃኒት የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም፤ በፍግና በእጅ አረም ነው ያሳደገው። ከዚህ የሚወጣው ቀይ ወይን ጠጅ ስኳር አይጨመርበት፣ እርሾ አይገባበት፣ ልጣጩ ላይ ባለችው ብናኝ ብቻ በራሱ ይፈላል። ከደሴ አንድ ባለ ሆቴል፣ ንጹሕነቱ እውነት ከሆነ ያለህን ሁሉ እወስዳለሁ ብሎታል። ታዲያ ይኼን ሰምቶ ማንን እንቅልፍ ይወስደዋል?

ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ሳምንት የጎረቤቱ የዋሲላ ሽንኩርት ተባይ ገባበት። ዋሲላ ከጅዳ የተመለሰች፣ የስንት ዓመት ላቧን እዚያ ሽንኩርት ላይ ያፈሰሰች ሴት ናት። ማለዳ መርጫዋን አዝላ ስትወጣ አያትና ክው ብሎ ቀረ። ነፋሱ ከሐይቁ ተነስቶ፣ በእሷ ማሳ አልፎ፣ ቀጥ ብሎ የሚመጣው የእሱ ወይን ላይ ነው። አሁን ቢለቅመው አልበሰለም፤ መጠጡ ጎምዛዛ ይሆንበታል። ቢተወው መድኃኒቱ ይደርስበታል።

እየሮጠ ሄደ። ሄዶ ግን ፊቷ ሲደርስ አፉ ተሳሰረ። ሶላቷን ለማታስታጉል ሴት፣ ለመጠጤ ስል ሽንኩርትሽን ተባይ ይብላው ተብሎ እንዴት ይነገራል? ጎበዙ አያሌው ብልጥ የሆነ መሰለውና ወይኑ አንድ ሳምንት ብቻ እንደቀረው፣ እስኪለቀም እንድትታገሠው ለመናት። ወይን፣ ወይን፣ ወይን እያለ፤ ጠጅ የምትለዋን ቃል ምላሱ ሥር ቀብሮ። በእኛ አፍ ፍሬውም ወይን፣ መጠጡም ወይን ነውና ዋሸ አይባልም።

ዋሲላ ሽንኩርቷን አየች፣ እሱን አየች።

«አብሽር፣ ጋሼ አያሌው» አለችው። «ወይንዎ ይድረስልዎ።»

መርጫዋን አወረደች። ሳምንቱን ሙሉ ከእህቷ ከሒክማ ጋር ጎንበስ ብላ አመድ ስትነሰንስ፣ የተበላውን ስትነቅል ከረመች። ከሽንኩርቱም ቀላል የማይባል ተበላባት። አያሌው በአጥር ላይ እያያት አንጀቱን በላችው።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! ወይኑ ደረሰ፣ ተለቀመ፣ በእጅ ተጨፍልቆ ከነልጣጩ ጋን ውስጥ ገባ። ጋኑ ማጉረምረም ሲጀምር አያሌው ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥ፣ ሚስቱንም ነይ ስሚው እያለ ሥራ ያስፈታት ነበር። የልጣጩ ቀለም ወጥቶ ሲቀላለት አጥልሎ፣ አፉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ አስቀመጠው።

ፋሲካ አለፍ እንዳለ ባለ ሆቴሉ መጣ። ጣፋጭ ነገር ጠብቆ ነው መሰለኝ፣ አንዴ ተጎነጨና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ሰውየው ደገመና፣ «ይኼማ ጨዋ ነው» አለ። ለመጠጥ እንዲህ ያለ ስም ማን ሰምቶ ያውቃል? ግን ልክ ነበር። አይጮህም፣ አያቃጥልም፤ ምላስን ሰብሰብ አድርጎ፣ የእንጆሪ ሽታ ትቶ፣ በቀስታ ይወርዳል። ሰውየው አንድም ጠብታ ሳያስቀር ወሰደው።

አያሌው በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል ዋሲላ ትዝ አለችው። ከወይኑ ያደረቀላትን ዘቢብ በሳህን ይዞ፣ ዛሬስ እውነቱን እነግራታለሁ ብሎ ሄደ። ቁጭ እንኳ ሳይል ጀመረ። ያን ጊዜ ወይን ስልሽ፣ ማለቴ ነገሩ፣ እያለ ተንተባተበ።

ዋሲላ ቢስሚላህ ብላ ዘቢቡን ቀመሰች።

«ጋሼ፣ ሐይቅ ከተማ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ የማላውቅ መሰለዎ? ያን ቀን ያቺን ቃል ከአፍዎ እንዳያወጧት አላህን ስለምን ነበር። ቢያወጧት ኖሮ እምቢ ማለቴ ነበራ። ጎረቤቴን ደግሞ እምቢ ማለት አልፈለግኩም።»

አያሌው አፉን ሊከፍት ሲል ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«አሁንም አያውጧት» አለችው። «ለከርሞም ወይን አለ።»