ሳይሞቅ የሚይዝ ጎማ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደሚፈላ ለማወቅ ግን ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

እህቴን ቤተሰቡ ሁሉ ጢያራ ነው የሚላት። ልጅ ሆና አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማታውቅ እናታችን ያወጣችላት ስም ነው፤ ካደገች በኋላ ቀይ ስፖርት ሞተር ገዝታ ስሙን አጸደቀችው። የምትሠራው ከከተማው በላይ ባለው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፓምፖቹን ከአዳር ተረኛው ትረከባለች። በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚወጣ አውቶቡስ የለም። መንገዱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ አሥሩ ቀጥ ያለ፣ የቀረው በግድቡ ጥግ ጥግ የሚጠማዘዝ። ሞተሩ ከቆመ ሥራዋም ይቆማል።

እኔ ጎሚስታ ነኝ፣ በሙያው አሥራ ሁለት ዓመቴ። ደንበኛ ሲያወራ ግማሹን ብቻ ሰምቼ መልስ እሰጣለሁ፤ ለብዙ ጊዜ ይህንን እንደ ችሎታ ቆጥሬው ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሞተሯን እየገፋች መጣች። የኋላ ጎማዋ መሀሉ አልቆ ተደልድሏል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ግን ጥርሱ ገና አለ። የፊተኛውም ቢሆን ዕድሜ አልቀረውም። አጎታችን በራፉ ላይ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፤ ስለ ጎማ የማያውቁትም ነገር የለም፣ እሳቸው እንደሚሉት ማለቴ ነው።

«ጠንካራውን አድርግላት» አሉ ሳይጠየቁ። «ጎማ ማለት ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነው። የቀረው ማስቲካ ነው።»

«አጎቴ፣ ይሄ የጭነት መኪና አይደለም። ኩርባ ላይ ተጋድሞ የሚሄድ ነገር ነው። የእርስዎ ድንጋይ አስፋልት አይነክስም።»

«የሚነክሰውስ በሦስት ወር ሲያልቅ? ሌላ ታዝዞ እስኪመጣ በመላጣ ጎማ ልትነዳ ነው?»

«ስለ መላጣ እንኳን እርስዎን የሚያህል የለም።»

ሻያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እንግዲህ ተጀመረ። እሳቸው ዕድሜ ይላሉ፣ እኔ መያዝ እላለሁ፤ እሳቸው ሲጮሁ እኔ እብሳለሁ። ሞተሩ የማን እንደሆነ ሁለታችንም ረስተናል።

«ጋሼ» አለችኝ ጢያራ፣ «እኔ ጠዋት እዚያ ስደርስ እኮ ጎማው…»

«ቆይ አንቺ» አልኳት።

ግድግዳው ላይ የአስመጪው ወረቀት ተለጥፏል። ሄዳ ጣቷን አንዱ ሥዕል ላይ አሳረፈች። «ይሄስ? መሀሉ ጠንካራ፣ ጎኑ ለስላሳ የተባለው?»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሉ አጎቴ፣ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ቀኑን ሙሉ የተስማማነው በዚህች ብቻ ነው።

«ዛፍ የሚወጣው ማነው? እኔ ሥራ ነው የምሄደው። ይሄኛው ደግሞ ታዝዞ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ነው የሚፈጀው፣ እታገሣለሁ። ጠዋት ላይ እኮ…»

«ጢያራ! እዚህ ቤት ጎሚስታው ማነው?»

ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «አንተ ነህ» አለች።

ከጓዳ ለውድድር የተሠራ ለስላሳ ጎማ አወጣሁ፤ የፊትና የኋላ። አንድ ደንበኛ አስመጥቶ ሳይወስደው የቀረ ነው። የእኛ ሙያ ሰው ጎማን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይፈትናል፤ ጥፍር ከገባ ይይዛል፣ ካልገባ አይይዝም። አጎቴ ዓይን ሥር አስጠግቼ ጥፍሬን ሰካሁት። ሰመጠ። «አዩ?» አልኩ። የቤቴ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ በቀትር ከሥሩ የቆመ እንኳን ጎማ ሰውም ይለሰልሳል። ይህ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። ጎማዎቹን ገጠምኩ፣ አየር ሞላሁ፣ ሚዛናቸውን አስተካከልኩና ሸኘኋት። አጎቴን አሸንፌ ስለነበር ደስ ብሎኝ ዋለ።

ረቡዕ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የጣቢያው ዘበኛ ነው። የግድቡ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወድቃለች፣ በሕይወት አለች፣ ና።

እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ደረስኩ። የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ የጃኬቷ ክርን ተቀዷል፣ ግራ እጇን በቀኟ ደግፋ ይዛለች። ከሞተሩ እስከ ገደሉ አፍ የቀረው ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት። ያንን ሳይ ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ አፌ ነው የሚበረታው።

«በስንት ነበር የምትበሪው?»

«በአርባ።»

«በአርባ ማን ይወድቃል? ያን የመሰለ ጎማ ገጥሜልሽ! ፍሬን ይዘሻል፣ ኩርባው ላይ ፍሬን ይዘሻል!»

«አልያዝኩም።»

«አዲስ ነው እንዳትዪኝ፣ ሦስት ቀን ነድተሽበታል፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቅባት ለቋል!» ቀጥዬ መንገድ ሠሪዎቹን ሰደብኩ። ጤዛውን ሰደብኩ። ዘበኛው የያዘውን ፋኖስ ሳይቀር የሰደብኩ ይመስለኛል። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጎማውን ንካው» አለች።

«ጎማው ምንም አልሆነም!»

«ንካው አልኩህ።»

አጎንብሼ ነካሁት። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ተነድቶ የመጣ ጎማ ከጉድጓድ ውሃ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጥፍሬን ጫንኩት። አልገባም። ደግሜ ጫንኩት፤ ጥፍሬ ታጠፈ እንጂ አልገባም።

የውድድር ጎማ የሚይዘው ሲግል ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚጠቀልሉት ለዚሁ ነው። ይህንን አውቃለሁ። ለደንበኛ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። በማለዳ ብርድ፣ ቀጥ ባለ መንገድ፣ በሥራ ፍጥነት የምትሄድ ሴት ያንን ጎማ መቼም አታግለውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ ገብቶኛል። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ «ብርዱን እኔ አላመጣሁት!» ስል ጮህኩ። እሷ ከድንጋዩ ተነስታ «ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለች።

የግራ እጇ አንጓ ተሰንጥቋል። ጄሶ ታሠረላት፣ ስድስት ሳምንት። ፓምፑን ሌላ ሰው ተረከበ፤ አለቃዋ ከሰባት ሳምንት በላይ እንደማይጠብቃት በደብዳቤ ነገራት።

አጎቴ የዚያኑ ቀን ከሰዓት እናታችን ቤት መጡ። ሳሎን ውስጥ ጢያራ እጇን ትራስ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። ገና ከመግባታቸው፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ እኔን እያዩ።

ቱግ አልኩ። «መከራው እኮ የመጣው እሷ ላይ ነው! የእርስዎ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የመጀመሪያውን ኩርባም አያልፍም ነበር!»

«የእኔ ድንጋይ ሠላሳ ዓመት አልጣለኝም!»

«አሥር ጎማ ላይ ተቀምጦ ማን ይወድቃል?»

ጢያራ በደህና እጇ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አጋጨችው። ውሃው ተረጨ።

«አንተ ጎሚስታ» አለችኝ። ጋሼ አላለችኝም። «ቅዳሜ ዕለት ምን ልልህ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ምን?» አልኳት።

«ሁለቴ ጀመርኩ፤ ሁለቴ ቆረጥከኝ። ጠዋት ጣቢያ ስደርስ ጎማውን ስነካው ቀዝቃዛ ነው። በአሮጌው ጎማም እንደዚያው ነበር፤ በየቀኑ እነካዋለሁ። ሳይሞቅ የሚይዝ ጎማ አለ ወይ ልልህ ነበር። ይቺን ብቻ። ጭቅጭቃችሁ ስለ እኔ አልነበረም። አጎቴ የራሳቸውን መኪና ይነዳሉ፣ አንተ የራስህን ጥፍር ታያለህ፤ ኩርባው ላይ የተንሸራተትኩት ግን እኔ ነኝ። ሁለት እርምጃ ነበር የቀረኝ፣ ለካሁት።»

አጎቴ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ደጋግመው አዞሩት። እናታችን በጨርቅ ጠረጴዛውን ወለወለች። እኔ የምሰድበው አጣሁ፤ ሁሉንም ጠዋት ጨርሻቸዋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን ወረቀት ላይ ያለውን ጎማ በስልክ ራሷ አዘዘች። ሲመጣ ጄሶው ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ጄሶው በተፈታበት ሳምንት ቅዳሜ፣ እጇ ገና ቀጭን ሆኖ ሳለ፣ አዲሶቹን ጎማዎች ኮርቻው ላይ አስራ ሞተሯን እየገፋች በመንገዱ ስትመጣ አየኋት። ቦታ ልሠራላት ክሪኩን ወደ ጎን ገፋሁ። በእኔ በር በኩል አልፋ ማዶ ወዳለው ጎሚስታ ገባች።

ማዶ ያለው ጎሚስታ ሙያውን የጀመረው ትናንት ነው፤ ክፉና ደጉን ያልለየ። እጄን እየጠረግኩ በራፌ ላይ ቆምኩ። አንድ ነገር ሲያበላሽ ልይና ሮጬ ልሂድ ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን መፍቻ እንኳን አላነሳም፤ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቀና ብሎ አያት።

«እህት፣ ብዙ ጊዜ የምትነጂው በስንት ሰዓት ነው?» ሲል ጠየቃት።

መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ከሁሉ በፊት የጠየቀው ያንን ነው። እሷም ማስረዳት ጀመረች፤ ብርዱን፣ ጤዛውን፣ ኩርባዎቹን እጇን እያጠማዘዘች። እስክትጨርስ ሰማት። ረጅም ነገር ነበራት።

ወደ ሥራ በምትመለስበት ሰኞ በጨለማ ተነስቼ አጎቴን ቀሰቀስኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ መኪናቸውን አስነሱና ወጣን። የጣቢያው በር ላይ ቆመን ጠበቅናት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከኩርባው ብቅ አለች፤ ሞተሩ እንደ ድሮው ጋደም ብሎ ዞረ፣ ቀና አለ፣ በሩ አጠገብ ቆመ።

ሰላም ሳልላት አጎንብሼ የኋላ ጎማውን ነካሁት። መሀሉ ለብ ብሏል። ጎኑ ቀዝቃዛ ነው፤ ጥፍሬን ጫንኩት፣ ቀዝቅዞም ገባ። አጎቴም ከመኪናቸው ወርደው፣ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ነኩት።

«ነካችሁት?» አለች የራስ ቁሯን እያወለቀች።

«ነካነው።»

«ጥሩ።»

ቀና አልኩ። አዳሩን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ቆርቆሮው ጣሪያ፣ ስለ ጥፍሬ፣ ስለዚያች ሁለት እርምጃ፣ በመጨረሻም ይቅርታ የሚል።

«ጢያራ» አልኳት፣ «እኔ ያን ቀን እኮ…»

«ቆይ አንተ» አለችኝ። ሰዓቷን አየች፣ በሩን ገፍታ ገባች፣ ፓምፖቹን ልትረከብ።