ነፃ የተባለው ደም

በላቦራቶሪው «ዳኛዋ» ይሏታል። አንዴ «ነፃ» ወይም «አለበት» ካለች ይግባኝ የለም። ስሙን ያወጡላት ሊቀልዱባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀብላ እቤት ድረስ ይዛው ገባች። እናቷ እንኳ ጎረቤት ሲመጣ «ዳኛዋ ልጄ» ማለት ለምደዋል።

ሥራዋ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ማደን ነው። ቫይረሱ በያዘው ሰው ደም ውስጥ ቅርፊቱን ይበትናል፤ ባለሙያዎቹ አንቲጂን ይሉታል። እሱ ከተገኘ ባለቤቱም አለ ማለት ነው። ምርመራው ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። የትንንሾቹ ጉድጓዶች ግድግዳ ላይ ቅርፊቱን ቀልቦ የሚያስቀር ያዥ ተለጥፏል። ከደሙ የተለየው ሴረም ይጨመራል፣ ይቆያል፣ ይታጠባል። ከዚያ ቀለም የሚያመጣው ሁለተኛ ያዥ ይጨመራል፣ እንደገና ይታጠባል። ቢጫ ከሆነ አለ፤ ውሃ እንደመሰለ ከቀረ የለም።

ነፍሰ ጡሮች ኮሪደሩን ሲያጨናንቁት የመጀመሪያውን እጥበት ያስቀረችው ራሷ ዳኛዋ ናት። ሁለቱን ባንዴ ጨምሮ አንዴ ማጠብ፣ በቃ። ወረፋው ቀለለ፤ አለቃዋም በሰው ፊት አመሰገናት። መመሪያው እንዲህ እንዳይደረግ ይላል። መመሪያ የሚጽፉት ወረፋ አይተው የማያውቁ ናቸው ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

የወንድሟ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ስታረግዝ በዚያው ኮሪደር ተሰልፋ፣ በዚያው አቋራጭ ተመረመረች። ነፃ ተባለች።

«እትዬ፣ እናቴ በጉበት ነው የሞተችው፤ እስቲ ድገሚልኝ» ብትላት ዳኛዋ ቱግ አለች።

«እኔን ነው እንዴ የምትጠራጠሪው?»

ልብስ ሰፊዋ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ልጁ ተወልዶ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር፣ ልብስ ሰፊዋ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቃት ባልደረባዋ ደም ልትሰጥ ሄደች። ደም ባንኩ መለሳት። ቫይረሱ አለብሽ፣ ያውም በብዛት አሏት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል። እሱም ተመረመረና ነፃ ወጣ። ይኼኔ ጉድ ፈላ።

እናትየው እሁድ ከሰዓት ሁሉንም እነ ሹፌሩ ቤት ሰበሰቡ፤ ሶፋው ላይ ተደላደሉና ነገሩን እንደ ዐቃቤ ሕግ ዘረዘሩት። «ስታረግዝ ነፃ ነበረች። የመረመረቻት የገዛ ልጄ ናት። አሁን አለባት፤ ባሏ ልጄ ደግሞ የለበትም። እንግዲህ ከሰማይ አልወረደባትም!»

«እኔ መንገድ ለመንገድ ስንከራተት አንቺ ከማን ጋር ነበርሽ?» አለ ሹፌሩ።

«ከማንም! ልጄን ይንሳኝ ከማንም!»

ሹፌሩ ወደ እህቱ ዞረ። ደግ ሰው ነው፤ መውጫ ይፈልግ ነበር። «እህቴ፣ ያኔ ተሳስተሽ እንዳይሆን?»

ለማሰብ ጊዜ ነበራት። ግን እናቷ አሉ፣ ስሟ አለ፣ የአለቃዋ ምስጋና አለ። «እኔ አልሳሳትም» አለች።

ሹፌሩ ተነሳ። የሚስቱን የስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ጎትቶ በሩ ጋ አቆመው። ይዛው ትውጣልኝ ማለቱ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ባሏን አላየችውም፤ ያየችው ዳኛዋን ነበር፤ ዳኛዋም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት «ያውም በብዛት» የሚለው ቃል አላስቀምጥ አላት። ለማመሳከሪያ የተቀመጡ የነፍሰ ጡሮች ናሙናዎች ፍሪዘር ውስጥ አሉ፤ የልብስ ሰፊዋም ከነሱ መካከል ነው። አውጥታ እንደለመደችው በአቋራጩ መረመረችው። ቢጫ የለም። እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም ራሷን ታዘበች። ከዚያ ከሴረሙ ጥቂት ወስዳ መቶ እጥፍ አቀጠነችው። ቢጫ! ሺህ እጥፍ አቀጠነችው። አሁንም ቢጫ፣ ያውም የደመቀ። ከቀለሙ ተነስታ መጠኑን ስታሰላው የወጣውን ቁጥር ማመን አቃታትና ደግማ ሠራችው። ያው ነው።

ነገሩ ገባት። ቅርፊቱ ከመጠን በላይ ሲበዛ የግድግዳውን ያዥ ለብቻው፣ የቀለሙን ያዥ ለብቻው ይሞላቸዋል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ፣ ቀለሙም በእጥበቱ ይሄዳል። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተጋፍቶ አንድም ሳይሳፈር እንደሚሄድ አውቶቡስ ነው። ልብስ ሰፊዋ ነፃ የተባለችው ቫይረሱ ስለሌለባት ሳይሆን ስለሞላባት ነበር። ያ የቀረው እጥበት ቢኖር ትርፉ ታጥቦ ይወጣ ነበር።

ብልቃጢቱን ቆሻሻ ውስጥ ብትጥላት ማንም አያውቅም። ይህን ማሰቧ ራሱ አስጠላት። ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። እናቷም እዚያው ነበሩ፤ የስፌት መኪናውም በሩ ጋ።

«ያኔም ነበረባት» አለች ሳትቀመጥ። «ከእናቷ ይዛው የተወለደች ይመስለኛል። ማንም ጋ አልሄደችም፤ ትልቅ ሰው ሲጋለጥ ብዙ ጊዜ አካሉ ያጠፋዋል፤ ወንድሜ ነፃ የሆነው ለዚያ ነው። ስህተቱ የኔ ነው፤ የምርመራውን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

እናትየው ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ታዲያ ሲያገባት ይዛው ነው የመጣችዋ!» አሉ። ለምራታቸው የሚሆን ይቅርታ አላገኙም።

ሹፌሩ የስፌት መኪናውን ወደ ቦታው ጎተተው። ሚስቱ እግር ሥር በርከክ ብሎ «ይቅር በይኝ፤ ሰው አይደለሁም» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ታቅፋ ነበር። ስሟ ጠርቶላታል፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ዳኛዋን ብቻ አየቻት።

«ያኔ ከነበረብኝ፣ ስወልደውም ነበረብኛ?»

«አዎ።»

«እናቱ እንዲህ ያለባትን ልጅ ሲወለድ ምን ያደርጉለታል?»

«እዚያው ማዋለጃ ክፍል፣ በተወለደበት ቀን መርፌ ይሰጠዋል። እንዳይዘው።»

«ለኔ ልጅ ተሰጠው?»

አልተሰጠውም። «ነፃ» የሚለው የእሷ ቃል በቂ ነበር። እንደማንኛውም ልጅ ከሳምንታት በኋላ ተከትቧል፤ ለዚህ ግን የዘገየ ነው። «ነገ ደሙን ልውሰድና...» ብላ እጇን ወደ ሕፃኑ ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!» ልብስ ሰፊዋ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ እግሯ ሥር ወዳለው ባሏ ዞረች፤ እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።

«ምነው እንዳላችሁት ውሽማ በኖረኝ!» አለች። «ምነው ልጄን ከወለድኩ በኋላ ከሱ በያዘኝ!»