ለፀሐይ የሚሰጥ ጥርስ

«እስቲ አንዲት ጉርሻ፣ ለእኔ ስትይ» አለች ኒዕማት፣ ገንፎውን ወጥ አስነክታ ወደ ልጅቷ አፍ እያስጠጋች።

ተስኒም ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ኒዕማት ግንብ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታቸው ናት፤ የልጆች መንጋ ያሳደገች፣ እምቢ የሚል አፍ እንዴት እንደሚከፈት አውቃለሁ የምትል ሴት። ብትለማመጥም፣ ብትቆጣም፣ ከረሜላ ብታሳይም ወይ ፍንክች። ልጅቷ ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ ከወተት በቀር የቀመሰችው የለም፤ ወተቱንም የምትጠጣው አፏን ወደ አንድ ጎን አጣማ ነው። ሰሌኑ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ለጎረቤቷ፣ ባይነግሯትም ልቧ አውቆታል አለች በሹክሹክታ።

የልጅቷ አያት በቱል ሰማች። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ሲያለቅስ የዋለው እሷ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነው። የሞተችው ያለቻት አንዲት ልጇ ዊሳል፣ የተስኒም እናት ናት። ዊሳል ለሕክምና ካርቱም ሄዳ እዚያው ቀረች፤ እዚያው ተቀበረችና ባሏ ሙዓዊያ ብቻውን ወደ ከሰላ ተመለሰ። በር ላይ ልጁ ሮጣ እግሩ ላይ ስትጠመጠም ከቤት ውስጥ ለቅሶው ይቀልጣል። ማን ሞቶ ነው ብላ ጠየቀችው። ሰውየው አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«ሐቦባ ሱዓድ ሞተች።»

ሐቦባ ብለው የሚጠሩት አያትን ነው፣ ያረጀች ዘመድንም። ሱዓድ ገዳሪፍ የምትኖር የበቱል አክስት ናት፤ ዕድሜ የጠገበች፣ ከአልጋዋ ከወረደች ዘመን የሆናት፣ ሞተች ቢባል ማንንም የማያስደነግጥ። ሙዓዊያ እሱ ሳይበቃው እናትሽ ገና እየታከመች ነው፣ ሰላም ብላሻለች ብሎ ጨመረበት። ከዚያ ሴቶቹን በልጅቷ ፊት የዊሳልን ስም እንዳያነሱ በአላህ ስም ለመናቸውና ድንኳኑ ውስጥ ለሟቿ ፋቲሃ ከሚያነቡት ወንዶች መሀል ገብቶ ተቀመጠ።

እንግዲህ እናት ልጇን ቀብራ ስሟን ጠርታ እንዳታለቅስ ተፈረደባት። ተስኒም ብቅ ባለች ቁጥር በቱል ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን «ዊሳልዬ» ትውጠዋለች። እንዲህ ያለውን ለቅሶ ለጠላትም አይስጥ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ለሶላት ሲነሱ በቱል ልጅቷን ጓዳ አስገባቻትና በሩን ዘጋች። አሞሽ ነው አለቻት። አላመመኝም አለች። ታዲያ በረሃብ ልትሞቺ ነው ወይ፣ ምን ሆነሽ ነው ስትላት ተስኒም በሩን ገልመጥ አድርጋ አየችና የታች ከንፈሯን በጣቷ ጎተተች። የፊት ጥርሷ ወደ ውጭ ተጋድሞ በአንዲት ክር ሥጋ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ ሳልመጣ እንዳይወድቅ ብላኛለች» አለች፣ ምላሷ እንዳይነካው እየተጠነቀቀች። «አብረን ነው ለፀሐይ የምንወረውረው። ከበላሁ ይወድቃል።»

በቱል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጅቷን ጭኗ ላይ ሳበቻት።

ዊሳል እንዲህ ነበረች። ተስኒም የዳኸች ዕለት ሽምብራ ቀቅላ፣ ተምር ጨምራ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ጠራች። ቆማ የሄደች ዕለትም እንዲሁ። ጫማዋን ራሷ ያሰረች ዕለትም። በረመዳን እስከ ቀትር የጾመች ዕለትማ እንደ ዒድ አዲስ ቀሚስ ተሰፋላት። ኒዕማት ጭስ ባየች ቁጥር በግንቡ አናት አንገቷን ብቅ ታደርግና «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ? አነጠሰች?» ትላለች። ዊሳልም «አዎ፣ ሁለቴ። ነይ ቅመሺ» ብላ ሳህን ታቀብላታለች። ኒዕማት እያሾፈች በልታ እያሾፈች ትሄዳለች።

አንድ ቀን በቱል ራሷ፣ ይሄ ሁሉ ድግስ ለምንሽ ነው ብላት ነበር። ዊሳል ሽምብራውን እየለቀመች ቀና አለች።

«የእኔ ጥርስ የወደቀ ቀን ትዝ ይልሻል?»

በቱል አላስታወሰችም። ከየት ታስታውስ፤ ያኔ ባሏ ሞቶባት ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጋሽ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ለቀማ ትወጣና ማታ ወገቧን ይዛ ትገባ ነበር። ልጆች ጥርሳቸው ሲወድቅ ወደ ፀሐይ ወርውረው፣ የአህያውን ውሰጂና የሚዳቋውን ስጪኝ እያሉ ይለምኗታል። ዊሳልም ጎረቤት አይታ ብቻዋን ወረወረችው። «ጣራው ላይ ቀረ፣ ፀሐይ ጋ አልደረሰም። ይኸው ለዚህ ነው ጠማማ የበቀለብኝ» አለችና ያቺን ጠማማ ጥርሷን እያሳየች ከት ብላ ሳቀች። ወቀሳ አልነበረበትም። ለበቱል ግን ከወቀሳ የባሰ ነበር።

ካርቱም የሄደች ቀን፣ ከስታ ጥላዋ ብቻ ቀርታ፣ አውቶቡሱ ጡሩምባ እየነፋ ሳለ ልጇ ፊት ተንበረከከች። የሚነቃነቀውን ጥርስ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና አደራ አለቻት። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንጠራለን አለቻት። እንደማትመለስ ታውቅ እንደሆነ አላህ ይወቅ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሐቦባ ሱዓድ መጣች።

ከአልጋዋ የማትነሳዋ አሮጊት የዊሳልን መርዶ ስትሰማ ተነስታ፣ ሁለት የልጅ ልጆቿ ደግፈዋት፣ ከገዳሪፍ በአውቶቡስ ተንገላታ፣ እየየ እያለች ከግቢው በር ደረሰች። መጀመሪያ ያየቻት ኒዕማት ናት። ዘላ ሄደችና በተጠቀለለችበት ቶብ ጫፍ የአሮጊቷን አፍ ሸፍና ወደ ራሷ ቤት ልትጎትታት ሞከረች።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል!» አለች በጆሮዋ።

«ማነው ያለው?» አለች ሱዓድ። ጆሮዋ ስለሚከብዳት ድምጿ ሠፈሩን አዳረሰ።

በቤቱ የነበረ ሴት ሁሉ ሳቅ አመለጠው። መርዶው ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ ወዲያው ተመልሶ ለቅሶ ሆነ። ሙዓዊያ ሳቁን ሰምቶ ከድንኳኑ ሲወጣ ተስኒም በሩ ላይ ቆማለች። የምታውቃትን አሮጊት ከነዱላዋ አየቻት። ትንሽ አሰበችና በሰሌኑ ላይ የተቀመጡትን እየዘለለች ወደ በቱል በረረች። ፊቷ በርቷል። አፏን መጠበቁን እንኳ ረስታለች።

«ሐቦባ፣ አልሞተችም እኮ! ማንም አልሞተም! ንገሪያቸው፣ አያልቅሱ። ወደ ቤታቸው ይሂዱና እማዬ ትምጣ።»

አንዷ ሴት ፊቷን በቶቧ ሸፈነች። ሙዓዊያ ከበሩ ሆኖ በቱልን አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ እባክሽ ዛሬ አይሁን ማለቱ ነው። በቱልም አየችው። አሳዘናት። ግን ይህቺ ልጅ ከቀን ወደ ቀን እየተራበች የማትመጣን እናት ስትጠብቅ ማየት ከዚህ በላይ አልሆንልሽ አላት። ልጅቷን በእጇ ይዛ በአጠገቡ አልፋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮው ፀሐይ ሞልቶታል። የኒዕማት ልጆች ያመጡት የዳቦ ትሪ ጨርቅ ለብሶ ግንቡ ላይ ተቀምጧል። በቱል መሬት ላይ ቁጭ አለችና ልጅቷን ፊት ለፊቷ አቆመቻት።

«ሰው ሞቷል፣ ተስኒም።»

«ማን?»

«ልጄ።»

ተስኒም ግራ ገባት። «ልጅሽ እኮ እማዬ ናት» አለች፣ አያቷ የተሳሳተች መስሏት።

«አዎ። ዊሳል።» በቱል የልጅቷን ሁለት እጆች ያዘች። «እናትሽ ሞተች፣ የኔ ሆድ። ካርቱም ነው የቀበሯት። አትመጣም።»

«ስትድንም?»

«አልዳነችም።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ የአያቷን እጅ። በቱል እንባዋን እየዋጠች፣ ጥርሱን እኔና አንቺ እንወረውረዋለን፣ ልጆቹንም እንጠራለን፣ ሽምብራም እቀቅላለሁ አለቻት። ተስኒም ወደ ግንቡ ሄደች። ጨርቁን ገለጠችና ከዳቦዎቹ አንዱን፣ ደረቅ ያለውን፣ መርጣ አነሳች።

ተመልሳ አያቷ እግር ላይ ተቀመጠች። ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ አፏን ከፈተች፤ ወደ ጎን አላጣመመችውም። በፊት ጥርሷ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ነከሰችው።

በቱል መዳፏን ዘርግታ ከልጅቷ አገጭ ሥር ያዘችላት።