ደሙ ንጹሕ የተባለ ጊዜ

ብረት በያጁ የሚስቱን ቆሽት ሲያሳርር ኖሮ ኖሮ፣ በመጨረሻ የታመመው የራሱ ቆሽት ሆነ። ካንሰር ነው ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ያን ሰሞን መረራትና ጥላው እህቷ ቤት ልትገባ ቆርጣ ነበር። የታመመ ሰው ትቶ መሄድ ግን አንጀቷ አልችል አለና ቀረች።

እሱም ቢሆን ሌላ ሰው ሆነ። ቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል እጇን ጭብጥ አድርጎ፣ “በድዬሻለሁ ሆዴ፣ ይቅር በይኝ። ብቻ ልትረፍ እንጂ እክስሻለሁ” አላት። እያለቀሰች ይቅር አለችው።

ዕጢው ወጣ፤ ኬሞውም አለቀ። ሐኪሟ የደም ምርመራ አዘዘችለት።

“ዕጢ የራሱን ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ይጥላል” ብላ አስረዳቻቸው። “ከተገኘ በሽታው ተመልሷል ብለን እንሰጋለን። ካልተገኘ ደስ ይላል፤ ግን ጨርሶ የለም ማለት አይደለም።”

አልተገኘም። በያጁ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘው ይህንኑ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ብርጭቆውን ከግድግዳ ጋር አላተመው።

“ሬሳዬን ስትጠብቂ ነበር አይደል? ደሜ ንጹሕ ነው፤ ቁርጥሽን እወቂ!”

እሷ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች።

በሚቀጥለው ምርመራ የዕጢው ምልክት ደሙ ውስጥ ተገኘ። የተነሣው ስካን ገና ምንም አላሳየም፤ ሐኪሟ ግን ፊቷ ጠቆረ፣ ቀጠሮውንም አቀረበችው። ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ የሚስቱ ትከሻ ላይ ጋደም አለ።

“ሆዴ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?”

“ሆዴ የምትለውን ተወኝ” አለችው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። “መድኃኒትህን እሰጥሃለሁ፤ አጥብሃለሁ፤ አጎርስሃለሁ። የደም ውጤት እያየ የሚመጣ ፍቅር ግን ይቅርብኝ።”

“በሽታው ነው እኮ እንደዚያ ያደረገኝ!”

“ብርጭቆውን የወረወርከው ድኛለሁ ባልክ ጊዜ ነው።”

ሹፌሩ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።

በኋላ ስካኑም በሽታውን ጉበቱ ላይ አገኘው። እሷ እንዳለችው አደረገች፤ አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ ሌሊት ሲያቃስት አገላበጠችው። እሱ ደግሞ አልሰማም ብሎ እስኪሞት ድረስ በዚያው ስም ጠራት።

ለቅሶ ላይ የሟች እህት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

“ታድለሽ! ሆዴ ሆዴ እንዳለሽ ነው እኮ የሞተው!”

“አዎ” አለች ልብስ ሰፊዋ። ሌላ ምን ትበል? እንባ እምቢ ሲላት አንገቷን ደፋች። ሰዉም፣ ሐዘኑ ቢከብዳት ነው አለ።