ከዋናው ፊልም በፊት

«አልሞተም እኮ ነው የምላችሁ! ሲኒማ ቤት ታይቷል! ሲስቅ!»

እትዬ ገበያነሽ ይህን ሲሉ ፍራሹ ላይ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይዞራሉ፤ ያልሰማ ጆሮ እንዳይቀር። ትናንት ጠዋት ወሬውን ሲያመጡት ኢታና ፊልሙ ውስጥ ከወታደሮች ጋር ቆሞ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ መሳቅ ጀመረ። ዛሬ ደግሞ እጁን ያውለበልባል። ጸሐይ የንፍሮውን ሳህን ይዛ በድንኳኑ መሀል ስታልፍ፣ በዚህ አያያዝ ወንድሜ እስከ ማታ ከሸራው ወርዶ እናቱን ሳይስም አይቀርም አለች በልቧ።

«እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል፣ እትዬ ገበያነሽ?»

«የእህቴ ልጅ ጓደኛ አይታዋለች። ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነትማ አለው። እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ያዩት ይሄኔ ዘፍኖም ነበር።»

ባለሱቋ አይሻ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነችው። ጋሽ ለሜሳ፣ የእናቷ ወንድም፣ ከወንዶቹ ወገን ሆነው በዓይናቸው ገሠጿት። ጸሐይ ግን ያየችው እናቷን ነበር። እናቷ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ትሰማ ነበር።

የኢታና መሥሪያ ቤት ሰዎች በመኪና መጥተው፣ ካሜራውን እንደያዘ ሰሜን ግንባር መውደቁን፣ ከወደቀ መሰንበቱን፣ እዚያው መቀበሩን ከተናገሩ ወዲህ እናቷ እንባ አልወጣትም። «ማን አየው?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ሲያዘቀዝቅ እሷ አላዘቀዘቀችም። ፍራሽ ላይም አልተቀመጠች። የሰው ለቅሶ ቤት ለማገዝ እንደመጣች ሴት ከድንኳን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ድንኳን ውኃ ታመላልሳለች። በመንግሥት የታሸገው ቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ቀበሌ እንዳይሰማቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ሲዘምሩም አብራ አልዘመረችም። «ያላየሁትን አላለቅስም» አለች። እትዬ ገበያነሽ ደግሞ የሚታይ ነገር ይዘውላት መጡ።

«እማዬ፣ ፊልም ማለት እኮ» አለቻት ጸሐይ ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ «ዛሬ ይታያል እንጂ ዛሬ አልተነሳም። ከወራት በፊት የተነሳ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ካሜራማን የራሱ ፊልም ውስጥ አይታይም። ካሜራውን ማን ይይዝለታል?»

እናቷ የውኃውን ጣሳ አስቀመጠች። «ሲኒማ ቤቱን ታውቂዋለሽ አይደል?»

እናቷ «የሰይጣን ቤት» ከማለት ሌላ ስም ሰጥታው የማታውቀውን ቤት ጸሐይ በየወንበሩ ስፕሪንግ ታውቀዋለች። አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባች። ኢታና በመንግሥት ተልኮ ሞስኮ ፊልም ተማረ። ሲመለስ ያመጣቸውን መጻሕፍት በመዝገበ ቃላት እየቆፈረች አነበበቻቸው። እሑድ ከሰዓት ደግሞ «ቀጨኔ አክስቴ ጋ» ብለው እየወጡ ፒያሳ ይወርዱ ነበር። ጨለማው ውስጥ ኢታና አያወራም፤ በክርኑ ነው የሚያስተምረው። ልብ ማለት ያለባት ነገር ሲመጣ ይጎሽማታል፤ ለምን እንደጎሸማት የማወቁ ጣጣ የእሷ ነው። ወደ ጉለሌ ዳገቱን ሲወጡ ይከራከራሉ።

የህንዱን ፊልም አታዝንለትም። «አሥራ ሁለት ሰው ደብድቦ ጸጉሩ አልተበተነም! ዘይቱን ንገሩንና እንግዛ» ትላለች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን አንድ የጉድጓድ ቆፋሪ ታሪክ ነበር። ሰውየው ሲቆፍር አንዴም አይታይም። ካሜራው ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ የምትሠራ ሚስቱ ላይ እንደተተከለ ይቀራል። የዶማው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ እየራቀ፣ እየራቀ። ከዚያ ዝም ይላል። ሴትዮዋ መርፌዋን አታቆምም፤ ገና ልብ አላለችም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን አውቋል፤ ሊነግራት አይችልም። ያን ዕለት ኢታና አልጎሸማትም። ራሷ ነበረች ክንዱን በጥፍሯ የያዘችው።

«ለምን አያሳየንም? ፈሪ ነው እንዴ ዳይሬክተሩ?» ብላ ነበር መንገድ ላይ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ቢያሳይሽ አሁን ይሄን ያህል ትበሳጫለሽ?» አለና በኩራት አያት። እንዲህ አድርጎ ያያት ሌላ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ፣ ከእናቷ በቀር ጥቁር እንደለበሱ፣ ፒያሳ ወረዱ፤ ጸሐይ፣ እናቷ፣ ጋሽ ለሜሳ፣ እትዬ ገበያነሽ። ትኬት ቆራጩ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ለቅሶ ነው ወይስ ፊልም?»

«ሁለቱም ነው። አንተ ትኬትህን ቁረጥ» አለችው ጸሐይ።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ የምትጸልይ ትመስል ነበር። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ ድረስ ሄዳ ተቀመጠች። «ከዚህ አንገት ያማል እማዬ» ብትላት አልሰማችም። መብራቱ ሲጠፋ የጸሐይን ጉልበት ጨመደደች። ጋሽ ለሜሳ ኃጢአቱ እንዳይገባባቸው ይመስላል፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

ከዋናው ፊልም በፊት የሚታየው የዜና ፊልም በማርሽ ሙዚቃ ጀመረ። ጸሐይ የተራኪውን ድምፅ ትጠላዋለች፤ ድንች ተመረተ ሲልም፣ ጠላት ተደመሰሰ ሲልም እኩል ይጮኻል። ትራክተር አለፈ። እንግዶች ከአውሮፕላን ወርደው አበባ ተቀበሉ። ከዚያ ድንጋያማ ተራራ መጣ፤ ምሽግ፣ ደረቁን የኮቾሮ ብስኩት በሰደፍ የሚሰብሩ ወታደሮች። ከዚያ አንድ ወጣት፣ ቁጥቋጦ ላይ ባንጠለጠላት መስታወት ጺሙን ሲላጭ፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። ካሜራውን አየ። ምን እንዳለ አይሰማም፤ ተራኪው ስለ ቆራጥነት እየጮኸ ነው። ልጁ ሳቀ፤ አረፋውን በጣቱ ጠርጎ ወደ ካሜራው ወረወረ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ተራራው ወደ ጎን ዘመመ፤ ለአፍታ ሰማይ ብቻ ታየ፤ ተቆረጠ።

«ኢታና!» እናቷ ብድግ አለች። «ኢታናዬ!»

«ኧረ ቁጭ በሉ እማማ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ዋናው ፊልም ጀመረ። እናቷ ግን እንደቆመች ነበር። «የት ሄደ? ጸሐይ፣ መልሱት በያቸው። ሰው አለ አይደል እዚያ? መልሱት በያቸው!»

ጸሐይ እጇን ይዛ አወጣቻት። ፎቁ ላይ ከማሽኑ ጋር የተቀመጠው ሰው ለማንም ብሎ እንደማይመልሰው ታውቃለች፤ ደግሞ ቢመልሰውስ?

ውጪ ካፊያ ነበር። እትዬ ገበያነሽ አስፋልቱ ላይ «አላልኳችሁም! አላልኳችሁም!» ይላሉ። ጋሽ ለሜሳ ወደ ጸሐይ ዞሩ፤ እንዲህ በትሕትና አናግረዋት አያውቁም።

«ልጄ፣ እኔ አላየሁም፤ ባይም አላውቅም። የፊልሙን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ። እሱ ነው?»

ሦስቱም አፏን ይጠብቁ ነበር። እንጃ ማለት ትችል ነበር። ነው ብትልስ? እናቷ ዜናው እስኪቀየር በየቀኑ ከጉለሌ እየወረደች የፊተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልኳን በር በሩን ታያለች።

«አይደለም» አለች። «ፍንጭቱን አላየሽም እማዬ? ኢታና ፍንጭት ነው?»

«ስለ ጥርሱ ማን አወራ? ሳቁ ነው። ሳቁ የልጄ ነው።»

«ድምፅ የለውም እኮ! ሳቁን በየት በኩል ሰማሽው?»

«እንጃ» አለች እናቷ፤ ግራ ገብቷት። «እንጃ ልጄ። እዚያ ነው ያለው።»

ጸሐይን ያናደዳት ይሄ ነው። እዚያ ማለት ምን ማለት ነው? ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበችው፣ ያን ሁሉ ክርን የቀመሰችው ለምንድን ነው?

«የለም! ካሜራውን የያዘው እንኳ እሱ አይደለም! ያ ሰው ገልቱ ነው፤ ልጁ ሲስቅ አብሮ ተነቃነቀ፣ ተራራ የሚያህል ነገር አስተኛ። የኢታና እጅ እንደ ድንጋይ ነው። ከሺህ ፊልም መሀል የሱን አውቀዋለሁ፣ እኔ! እዚያ ቦታ አልነበረም። አልቆለታል፣ እማዬ።»

እናቷ እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ ሰው እየተጋፋት፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ አዘቅዝቃ ለበሰችው። የለቅሶዋ ድምፅ ያኔ ወጣ። እትዬ ገበያነሽ እንኳ ወሬያቸውን ጥለው ወገቧን ያዙ። ጸሐይ ለአፍታ የማሸነፍ ዓይነት ስሜት ተሰማት። ወዲያው ግን ጠፋ፤ በምትኩ የመጣ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው እንደ ማንኛውም ለቅሶ ሆነ። እናቷ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰች፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» አለች። እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ወሰደ። ሲኒማ የሚለው ቃል ቤቱ ውስጥ ድጋሚ አልተነሳም።

ፈድሉ የመጣው ግቢው ባዶውን ከቀረ በኋላ ነው። ከኢታና ጋር የፊልም ጥቅሎቹን የሚሸከም ባልደረባው ነበር፤ ክንዱ በፋሻ ታስሯል፣ ከሆስፒታል መውጣቱ ነው። ልግባ አልግባ እያለ በሩ ላይ ሲያመነታ ጸሐይ ወጣችለት። እንዴት እንደሞተ ጠየቀችው።

«ቶሎ ነው። አልተሰቃየም» አለ መሬት መሬት እያየ። ለሁሉም ሰው የሚባለውን እንዳለ ገባት፤ አልገፋችበትም።

ነገሩን ለማቅለል የጎረቤቱን ወሬ አነሳችለት። «እናቴን ሲኒማ ቤት ድረስ አስኬዷት፣ ታምናለህ? አንድ የሚላጭ ወታደር ኢታና ነው ብለው። ከነአረፋው! ያነሳውም ሰው ደግሞ፣ እግዜር ይይለት፣ ካሜራ ይሁን ወንፊት የያዘው አይታወቅም...»

ፈድሉ ቀና አለ። «እሱን አሳዩት እንዴ?»

«ታውቀዋለህ?»

«አብሬው ነበርኩ እኮ። ልጁ ‹አንተ ኢታና፣ ና አንተንም ልላጭህ› ብሎ አረፋውን ወረወረበት። ኢታና ሳቀ። ካሜራው ዓይኑ ላይ እንዳለ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ‹ተበላሸ፣ ስንመለስ ይሄን ቁረጡት› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አላነሳም።»

ያ የተንቀጠቀጠ፣ የዘመመ ተራራ ጸሐይ ዓይን ላይ መጣ።

«አሁን የት ነው?» አለች።

«ፊልሙ? ዜናው ተቀየረ እኮ። ለክፍለ ሀገር ተልኮ ይሆናል። ያም ቅጂ የተቧጨረ ነው፤ ብዙ አይቆይም።»

«ጸሐይ!» አለች እናቷ ከውስጥ። «ማነው?»

ጸሐይ ወደ ኋላዋ እጇን ሰድዳ በሩን ቀስ ብላ ሳበችው። ገጠመ። መያዣውን ግን አልለቀቀችም።