አዛናው መኪና ሲጠግን

ሸዋነሽ በወረታ ከተማ መገንጠያ ላይ፣ ሾፌሮች መኪናቸውን ራሳቸው የሚጠግኑበትን ግቢ ከነመፍቻውና ከነክሪኩ ታከራይ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ መኪኖች ለጦሩ ስንቅ ማመላለሻ በሚታፈሱበት ክረምት፣ አዛናው የሚባል ሾፌር መጥቶ የጭነት መኪናውን አንድ ጎማ ፈታና ሥሩ ገብቶ ተኛ። ከጦርነት መሸሹን አልጠላችበትም፤ የናቀችው በነቃ ቁጥር ስለ ጀግንነቱ መደስኮሩን ነው።

አንድ ጧት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ገበሬዎች እየሮጡ መጡ።

«ወንድማችን፣ ልጆችና ሽማግሌዎች በውሃ ተከበዋል። በእግር አይሻገሩትም፤ መኪናህ ግን ያልፋል። ድረስልን!»

«ማርሹ ተሰብሯል፤ ምን ላድርግ?» አለ አዛናው።

ሸዋነሽ የተፈታውን ጎማ በእግሯ መታችው።

«ማርሽ በጎማ በኩል ነው እንዴ የሚጠገነው? ግቢዬን ያከራየሁህ ልትሠራበት እንጂ ልታንኮራፋበት አይደለም። ግጠም!»

ሰው ሁሉ እያየው፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ገጠመ። መንገድ ላይ እንዳይሸሽ እሷም ጋቢና ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። እስኪመሽ ተመላልሰው ሁሉንም አወጧቸው።

በማግስቱ ሸዋነሽ በጠላ ቤት በር ስታልፍ የአዛናው ድምፅ ተሰማት።

«የተሰበረ ማርሽ በዚች እጄ ጠግኜ ያን ሁሉ ሕዝብ አዳንኩ!»

ምራቋን ጢቅ አድርጋ አለፈች።